መቶ ያልገባው ትኩሳት

ነጌሌ፣ ከጦር ሠፈሩ በታች ባለው መንደራችን፣ የታመመ ሰው «አተኮሰው» አይባልም ነበር። «መቶ ገባ» ነው የሚባለው። ባል ተናዶ ሲጮኽ እንኳ «ተዉት፣ መቶ ገብቷል» እንል ነበር። ይህን ቋንቋ ያስተማረችን የሃምሳ አለቃ ከተማ ሚስት ሀረገወይን ናት።

ሃምሳ አለቃው እንግሊዞች ከአገር ሲወጡ ከአንዱ ሐኪማቸው ያገኘውን የትኩሳት መለኪያ ለሚስቱ አመጣላት። ሀረገወይን ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን በዚያች ቀጭን ብርጭቆ ተማረች። ከመቶ በታች ጤና፣ መቶ ሲገባ ወባ፣ አለቀ። ወባ በሚበረታበት ወራት ከደጇ ሰው አይጠፋም፤ እሷም ማንንም አትመልስም። ኩራቷ ግን አይጣል ነው! መለኪያዋን በሰው ብብት ሸጉጣ ስትጠብቅ አጠገቧ ያስነጠሰ ሰው ወየውለት። እኔ ስንቴ እንደተገላመጥኩ!

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ መለኪያዋ ከእጇ አምልጣ ተሰበረች። ውስጧ የነበረው ባዚቃ፣ ያ ብር የሚመስል ፈሳሽ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ ልንለቅመው ብንል ከጣታችን ሥር እየተከፋፈለ ሸሸን። ሀረገወይን ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። ባለሱቁ ዓብዱልሀኪም አዘነላትና በዶሎ በኩል ሞቃዲሾ ለሚመላለስ ሾፌር ነግሮ ሌላ አስመጣላት። የጣልያን ሥራ ናት። ቁጥሯ ከሠላሳ አምስት ይነሳና አርባ ሁለት ላይ ያበቃል።

«መቶ ሳይደርስ አለቀሳ?» አልኳት።

«ጣልያን የጀመረውን መቼ ጨርሶ ያውቃል!» አለችኝ። ሠላሳ ሰባት ላይ ያለችውን ቀይ ጭረትም ጌጥ ናት አለች። እኔም ስቄ አለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ የዓብዱልሀኪም ልጅ አሲያ ታመመች። እናቷ ሸምሳ እየሮጠች መጥታ ጠራችን፤ ተያይዘን ሄድን። ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትንቀጠቀጣለች። ሀረገወይን መለኪያዋን በልጅቷ ብብት ከታ ጠበቀች፤ አወጣችና ወደ ብርሃን አዙራ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አርባ!» አለች። «ሸምሳ፣ የልጅሽ ሙቀት አልቋል! መቶ ለመግባት ስልሳ ይቀራታል። የሚገድላት ብርድ ነው፣ ልብስ አምጪ!»

«ያ ረቢ! እሺ፣ እትዬ ሀረግ።»

ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ ከሱቅ የመጣ አዲስ ጣቃ፣ ሁሉም ተከመረባት። እግሯ ሥር ፍም የሞላ ምድጃ ተጠጋ። ጉድ እኮ ነው! ከመካከላችን አንዲት ሴት እንኳ እጇን በልጅቷ ግንባር ላይ አላሳረፈችም። ብርጭቆዋ እያለች የማን እጅ ይታመናል?

ልጅቷ ዓይኗ ተገለበጠ። ሰውነቷ ተገትሮ ይንዘፈዘፍ ጀመር። የሸምሳን ጩኸት ሰምቶ፣ በመንገድ ያልፍ የነበረው የጦር ሠፈሩ ድሬሰር አዳነ የመድኃኒት ቦርሳውን እንደያዘ ዘሎ ገባ። የተከመረባትን ልብስ እየገፈፈ ወረወረ፤ ምድጃውን በእግሩ ገፋ።

«እርጥብ ጨርቅ! ማነው በትኩሳት ላይ እሳት የጨመረው?»

«የምን ትኩሳት?» አለች ሀረገወይን። «አርባ ብቻ ናት!»

አዳነ መለኪያዋን ተቀብሎ አገላበጣት። «እትዬ ሀረገወይን፣ ይቺ እኮ አቆጣጠሯ ሌላ ነው። ውሃ ሲፈላ በእንግሊዙ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ በዚህ መቶ። የዚህ አርባ በዚያ መቶ አራት ማለት ነው። ሙቀቱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ነው የተለየው። በዚህ መቶ የገባ ሰው ተቀቅሏል!»

ክው አልን። የደነገጥኩት ለልጅቷ ብቻ አልነበረም። ዓይናችን እያየ፣ ለራሳችን ልጅ እናስብ ብለን፣ ልንገድላት ነበር!

አዳነ መርፌ ወጋት፤ እኛ ጨርቅ እያራስን አበረድናት። ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና ውሃ ጠየቀች። ተርፈናል ብዬ ልቀመጥ ስል ሀረገወይን ተነስታ ቆመች።

«ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽስ?» አለች።

«እሱም ትኩሳት ነው። ምነው?»

«የዲዳ ልጅ!»

ዲዳ የሰውየው ስም ነው፤ የሊበን ከብት አርቢ ነው። ጠዋት ልጁን ተሸክሞ ቤቷ መጥቶ ነበር። «ወባ አይደለም፣ ብርድ መትቶታል፤ ደራርበህ አልብሰው» ብላ መልሳዋለች። ከአዳነ እጅ የወባ ክኒን ነጥቃ ወጣች። ነጠላዋ ሲወድቅ ዞራ አላየችም። ወደ ሊበን የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ እኔው ደግፌ አወጣኋትና አብሬያት ሄድኩ።

ዲዳ ከበረቱ በር ቆሞ ተቀበለን። በነሱ አገር ሰላምታ በወጉ ሳያልቅ ወሬ አይነሳም።

«ናጋ?» ሰላም ነው? ማለቱ ነው።

«ናጋ» አለች፣ ወደ ጎጆው እያየች።

«ኢጆሌን ናጋ? ሎን ናጋ?» ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደህና ነው? ማለቱ ነው።

«ናጋ፣ ናጋ! ልጁስ?»

«እንዳሉት ደራርበን አልብሰነዋል፣ እትዬ። ሲቃዥ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል።»

«ጸጥ» የሚለውን ስትሰማ የሞተ መስሏት ወደ ጎጆው ሮጠች። እኔም ተከትዬ ገባሁ። የልጁ እናት ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እሱ በልብስ ክምር ሥር ነው፣ አይንቀሳቀስም። ሀረገወይን ክምሩን ገፋ አድርጋ እጇን ግንባሩ ላይ ጫነች።

«ያቃጥላል!» ብላ ጮኸች። «ተመስገን! እሳት ነው፣ ተመስገን፣ ያቃጥላል!»

እየሳቀችና እያለቀሰች ልጁን አቀፈችው። እናትየው ግን ልጇ ስለነደደ አምላክን የምታመሰግን ሴት አይታ አታውቅም፤ በድንጋጤ ብድግ ብላ ልጁን ከእቅፏ ልትነጥቃት ታገለቻት።