የቁጥር አሥራ ሰባት መኪና የሾፌር ወንበር

ሰፈሩ ሁሉ ወስፌ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ጎማ ጠጋኙ ነው። ቆዳ የምትበሳበት ወስፌ ከእጇ ስለማይለይ ነው ብሎ ይምላል፤ ምላሷን አስቦ መሆኑ ግን ያልገባው ሰው የለም። የመኪና ወንበር ትሰፋለች። የሥራ ቦታዋ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፦ ከበሩ በስተቀኝ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ በስተግራ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ስፖንጅ፣ መሃል ላይ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ተከድኖ የማያውቅ የማስቲሽ ጣሳ። "ይኼ ማስቲሽ ነው ጭንቅላትሽን አዙሮ የሚያስለፈልፍሽ" ይላታል ጎማ ጠጋኙ። "አንተን ደግሞ ምን አዞረህ? ቀኑን ሙሉ አየር ስትሞላ ነው የምትውለው!" ትለዋለች።

ታዲያ ይህች አፍ የማያጣት ሴት ስለ አንድ ነገር ብቻ ትንፍሽ አትልም፤ ስለ ደንበኞቿ መቀመጫ። እንዳትስቁ። ወንበር የሚፈታ ሰው የማያውቀው ጉድ የለም። ማን ወደ ግራ አጋድሎ እንደሚቀመጥ፣ ማን ለሚስቱ "ትቻለሁ" ብሎ የማለውን ሲጋራ መኪናው ውስጥ ተደብቆ እንደሚያጨስ፣ የትኛው የተከበረ ዳኛ በኪንታሮት ምክንያት መሃሉ የተቦረቦረ ስፖንጅ እንዳሠራ ሁሉንም ታውቃለች። ብትሞት አትናገርም። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው፤ ከመርፌ አያያዝ በፊት ያስተማራትም ይህንኑ ነው። "የሰው ገላ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ወንበሩ የነገረሽን እዚያው ወንበሩ ጋ ተዪው" ይላት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና በሯ ላይ ቆመ። ሸራው ሲገለጥ ጎማ ጠጋኙ የያዘውን መዶሻ እግሩ ላይ ጣለው። ከላይ የተጫነችው መኪና ከሰው ወገብ ብዙም አታልፍም፤ ቀለሟ ብርማ፣ በሮቿ ወደ ላይ የሚከፈቱ፣ ሞተሯ ከወንበሮቹ ጀርባ የተቀመጠ። ወንበሯ ደግሞ ሁለት ብቻ።

"አማቻቸውን የት ሊያስቀምጡ ነው?" አለ ጎማ ጠጋኙ እግሩን እያሻሸ።

የመኪናዋ ባለቤት አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት። ከእሷ ጋር ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ የብርቅ መኪኖችን ታሪክ እያጣራ የሚጽፍ ባለሙያ መጥቷል። ሥራው ትንሽ ነበር፤ በተሳፋሪው ወንበር ጎን የተተረተረውን ስፌት መጠገን። መኪናዋ ስትወርድ ወስፌ ጎንበስ ብላ በሩ ውስጥ ገባች፤ ቀዩን ቆዳ በጣቷ ዳሰሰችው። ያልተተረተረው የቀድሞ ስፌት ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ የተቋጠረ ነው። ያንን ቋጠሮ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የአባቷ እጅ ነው።

ባለሙያው ይህን አላወቀም፤ ማህደሩን ዘርግቶ በኩራት ያብራራል። "ከዚህች መኪና የተሠሩት ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ይቺ ቁጥር አሥራ ሰባት ናት። መጀመሪያ የአንድ ኮንትራክተር ነበረች፣ ከዚያ አንድ ባለ ሆቴል ገዛት። እሱ ሲሞት ወራሾቹ ሲጨቃጨቁ ሃያ ስድስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሳ ኖረች። ዶክተር ናቸው ያወጧት።"

"ወንበሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀይ ነበር?" አለች ወስፌ፤ መልሱን እያወቀችው።

"ሰማያዊ ነበር። እሱማ ታሪክ አለው፣ ይኸውልዎት" አለና አነበበ፦ "'የመጀመሪያው ባለቤት ልባሱን ወደ ቀይ ሲያስቀይር፣ ሥራውን የሠራው የአካባቢው ወንበር ሰፊ ሰማያዊዎቹን ቆዳዎች ሰርቆ አስቀርቷቸዋል።' መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ለብርቅ መኪኖች ዐውደ ርዕይ ይደርሳል።"

ወስፌ ያንን ቋጠሮ መልሳ ዳሰሰችው።

ነገሩ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሆነ ነው። ኮንትራክተሩ መኪናዋን ለባለ ሆቴሉ ሲሸጥላት፣ ባለ ሆቴሉ "ሰማያዊው ቆዳስ?" ብሎ ጠየቀ። ኮንትራክተሩ "ሰፊው ጋ ቀርቷል" አለ። አባቷን አስጠሩት፤ ሰው በተሰበሰበበት ግቢ መሃል አቁመው ጠየቁት። "ቆዳው ከመኪናዋ አልወጣም፤ ከቀዩ ሥር ነው" አለ። በቢላዋ የተሳፋሪውን ወንበር ጎን ቀደዱት። ስፖንጅ ብቻ! አባቷ ቀና ብሎ ኮንትራክተሩን አየው፤ ኮንትራክተሩ መሬት መሬት አየ። ባለ ሆቴሉ "አንዱን አስቀደዳችሁኝ፤ ሌላውን የሚነካ ወዮለት!" ብሎ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ። አባቷም ከዚያ በኋላ አፉን አልከፈተም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ቆዳ ገፋፊው" ሆነ። ደንበኛ ሸሸው። ቤቱን ዘግቶ ፍራሽ ፋብሪካ ተቀጠረና ጡረታ እስኪወጣ ፍራሽ ሰፋ። ወስፌ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት "የገፋፊው ልጅ" ሲሏት ያደገች ናት። እሑድ እሑድ ሙያውን አስተማራት እንጂ እሱ ራሱ ወንበር ቤት ደግሞ አልረገጠም። የእሷንም ጭምር። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም ብትሆን "አባቴ አይሰርቅም" እያለች የተደባደበችውን ያህል፣ ትራሷ ላይ ተኝታ "ቢሆንስ?" ያለችባቸው ቀኖች ነበሩ። ለዚህም ራሷን ስትጠላ ኖራለች።

ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች ቤት ገባች። አባቷ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ለእሷ የወንበር ቅድ ወረቀት ላይ ይቆርጣል።

"አባዬ፣ መኪናዋ መጣች።"

የትኛዋ ብሎ አልጠየቀም። መቀሱን አስቀመጠ። "ደህና ናት?" አለ፤ ከሆስፒታል ስለወጣ ዘመድ እንደሚጠየቀው።

የሰማችውን ነገረችው፣ ሰርቆ የሚለውንም ሳትደብቅ። ሽማግሌው ወረቀቱን በመዳፉ አለሳለሰና፣ "ቆዳው ከመኪናዋ አልወጣም" አለ።

"የት ነው ታዲያ? ንገረኝ እንጂ! ሰኞ ይታተማል እኮ ነው የምልህ! ልጆቼ ሊያነቡት ነው!"

"ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ለማን? ሁለቱም ሞተዋል!"

"እኔ አልሞትኩማ" አለ አባቷ። "ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

በሩን ወርውራ ዘግታው ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ድምፁን ሰማች። "ከነካሽው በእጅሽ ፍቺው። ቢላዋ እንዳታሳዪው።" የትኛውን ወንበር እንደሆነ ግን አላለም።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ሳይመለሱ ሜትሯን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባች። የተሳፋሪውን ወንበር ከወለሉ ለካች። የሾፌሩን ለካች። ደግማ ለካች። የሾፌሩ በሁለት ጣት ከፍ ይላል። ሁለቱ ወንበሮች አንድ ዓይነት ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። እግር ማሳረፊያው ጋ ስትጎነበስ ደግሞ በፍሪሲዮን፣ በፍሬንና በነዳጅ መርገጫዎቹ ላይ፣ የሆነ ነገር በብሎን ታስሮባቸው የነበሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አየች። ምን እንደሆኑ ያኔ አልገባትም።

ሐኪሟና ባለሙያው ሲመጡ፣ "የሾፌሩን ወንበር መፍታት አለብኝ" አለቻቸው።

"በፍጹም!" አለ ባለሙያው፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ድረስ ወረደ። "ቀዩም ራሱ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱን ማን ንኩ አለዎት? እርስዎ የተጠሩት ለአንድ ስፌት ነው።"

"ስፌት በስፌት እፈታዋለሁ፤ በዚያው ቀዳዳ መልሼ እሰፋዋለሁ። ቆዳው አንድ ጭረት ቢያገኘው እጄን ቁረጡኝ።"

"ምን ፈልገው ነው?"

"ሰማያዊውን።"

ባለሙያው ሳቀ። ያን ጊዜ የወስፌ ድምፅ ዝቅ አለ። "እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ከሥሩ ምንም ከሌለ፣ መጽሐፉ ላይ 'የአካባቢው ወንበር ሰፊ' የምትለዋን ሰርዙና ሙሉ ስሙን ጻፉት። የእኔንም ከጎኑ ጨምሩ። ልጁ ነኝ።"

ጎማ ጠጋኙ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ባለሙያው ወደ ሐኪሟ ዞረ፤ ሐኪሟ ደግሞ ወስፌን አየቻት።

"እኔ ሥራዬ የሰው አፍ ማስከፈት ነው" አለች ሐኪሟ። "ሳላይ የነቀልኩት ጥርስ የለም። እትዬ፣ ይፍቱት።"

ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ወንበሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ የአባቷን ቋጠሮ በወስፌዋ ጫፍ እያላላች ክሩን አንድ በአንድ መዘዘች። ላቧ በአፍንጫዋ ይወርዳል። ቀዩ ተነሣ። ከሥሩ ነጭ አቡጀዲ አለ፤ ጥርት ያለ፣ ትናንት የተነጠፈ የሚመስል። አቡጀዲውን ገለጠችው።

ሰማያዊ!

አንድ አይደለም፤ የሁለቱም ወንበሮች ልባስ ነው፤ አራት አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተስተካክሎ፣ በጥቂት ክር ተይዞ ተኝቷል። ባለሙያው በጣቱ ጫፍ ጀርባውን ገለጠው። በጥቁር ቀለም አሥራ ሰባት የሚል ማህተም አለበት። ሌላውም ላይ አሥራ ሰባት። "በዓለም ላይ የራሳቸው ቆዳ ያላቸው ሦስት ብቻ ነበሩ" አለ በሹክሹክታ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ከዚያ ደግሞ ጠረገ።

ወስፌ ያለቀሰችው እዚያው ቆማ ነው፤ ሳትደበቅ፣ አፍንጫዋን ሽርጧ ላይ እየጠረገች። ያለቀሰችው በደስታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። "ቢሆንስ?" ላለችባቸው ቀኖች ሁሉ ነው ያለቀሰችው።

ስትረጋጋ ልማድ ሆኖባት ከሥር ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ወዲያው ተመልሶ ተነሣ፤ ጠንካራ ነው፣ ምንም አልረገበም። እንዲህ ባልረገበ ስፖንጅ ላይ ማንም ወንበር ሰፊ ሌላ ነገር አይደርብም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ማህደር ላይ አረፈ። የኮንትራክተሩ ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው፤ በሁሉም መሪ ይዞ ተቀምጧል። ቆሞ የተነሣው አንድም የለም። መርገጫዎቹ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም ትዝ አሏት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠላት።

እሷ ወንበር ሰፊ ናትና አትነግራችሁም። እኔ ግን ወንበር ሰፊ አይደለሁም፤ ልንገራችሁ። ኮንትራክተሩ አጭር ነበር። በጣም አጭር። አገር ጉድ ያለላትን መኪና ገዝቶ ሲነዳት ከውጭ የሚታየው ኮፍያው ብቻ ነበር፤ እግሩ እንዲደርስም መርገጫዎቹ ላይ እንጨት አሳስሮባቸዋል። አንድ ጠዋት ብቻውን መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ "ሁለት ጣት ከፍ አድርግልኝ፤ ልባስ ላስቀይር መጣሁ እላለሁ፤ ሰው እንዳይሰማ" ብሎ አባቷን አስማለው። አባቷም ማለ፤ ያወለቀውን ሰማያዊ ቆዳ መጣል ስለማይሆንለት ሁለቱንም አጣጥፎ ከሾፌሩ ሥር ከተተው። በዚያ ክፉ ቀን በግቢው መሃል "የሾፌሩን ወንበር ክፈቱ" ቢል ኖሮ ስሙን ያድን ነበር። "ለምን ከፍ አለ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አይጠፋም፤ ሰውየው ደግሞ ወፍራም ተረከዝ ያለው ጫማውን አድርጎ እዚያው ከጓደኞቹ መሃል ቆሟል። አባቷ የሌላውን ቁመት ሸፍኖ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ኖረ። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ።

አባቷን ያመጣው ጎማ ጠጋኙ ነው፤ እየሮጠ ሄዶ ደግፎ አመጣው። ሽማግሌው ደፉ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀኝ እግሩን አስቀደመና ገባ። ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ባለሙያው የቀድሞውን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰርዞ አዲሱን አነበበለት፦ "'ሰማያዊዎቹን ቆዳዎች ወንበር ሰፊው በመኪናዋ ውስጥ በጥንቃቄ አኑሮ ጠብቋቸዋል።' እንኳን ይህን በሕይወት እያሉ ሰሙት፣ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልን።"

"ሰርቆ የሚለውስ?" አለ ሽማግሌው።

"ጠፍቷል።"

"ጥሩ።"

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም" አለ ባለሙያው እስክሪብቶውን አንሥቶ። "ለምን ሁለቱንም ሾፌሩ ሥር?"

አባቷ አፉን ከፈተና ዘጋው። ውሸት አይሆንለትም፤ ዕድሜውን ሙሉም አልሆነለትም።

"ስፖንጁ ረግቦ ነበራ!" አለች ወስፌ፤ ጭንቅላቷን ሳታነሣ አቡጀዲውን በስፖንጁ ላይ መለስ እያደረገች። "የሾፌር ወንበር ይረግባል፤ ምን ይጠየቃል?"

"አሃ" አለ ባለሙያውና ጻፈ።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። አያት። ብዙ ጊዜ ሥራዋን አይቶ "ጥሩ ነው" ብሏት ያውቃል፤ እንዲህ ግን አይቷት አያውቅም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሽማግሌው የተሳፋሪውንም ወንበር ከመኪናዋ አስወጥቶ ወደ ራሱ ሳበ፤ ቢላዋ የገባበትን ጎን እያየ ራሱን ነቀነቀ። "ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው? ያሳፍራል" አለና መርፌ ተቀበላት። የስፌት መኪናው ጎን ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።

ወስፌ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "አባዬ፣ አጭር ነበር አይደል?"

"ማን?" አለ አባቷ፣ ክሩን በሰም እያሸ።