በስፖኪዮ የሚታይ ቀለም

ወንድም ጋሼ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በእረፍቱ ቀን በተራራ ብስክሌቱ በገደል አፋፍ ቁልቁል ሲንደረደር ዓይኑን አያሽም። የመጀመሪያውን የአስፋልት ብስክሌት ሊመርጥ አብረን ሱቅ ስንገባ ግን መዳፉ በላብ ራሰ። ባለሱቁ ስለ ማርሹና ስለ ክብደቱ ምላሱ እስኪደርቅ ለፈለፈ። ወንድሜ ቀጭኑን ጎማ በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ «በአውቶቡስ ስፖኪዮ ጎልቶ የሚታየው የትኛው ቀለም ነው?» አለ።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ብስክሌት በቀለም ይመረጣል እንዴ?» አልኩት፤ ባለሱቁን አፍሬ።

«ዝም በይ! ገደል ባለበት ይቆማል፤ የምጠነቀቀው እኔ ነኝ። አስፋልት ላይ ግን ነፍሴ በሹፌሩ እጅ ናት።»

«ታዲያ ሹፌሩ አያይህም?»

ድምፁ ዝቅ አለ። «ሃያ ዓመት ነዳሁ። በቀኜ የሚመጣ ብስክሌት ካለፈኝ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ታይቶኝ አያውቅም።»