ለአቶ ደስታ ያነበብኩት ደብዳቤ

ባለፈው እሑድ ኒው ሆፕ ከተማ ልጄ ቤት ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ እሷና ባሏ ላፕቶፕ ከፍተው ለዕረፍት ጎልፍ ሊጫወቱ ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ስለመሄድ ማውራት ጀመሩ። ገደል አፋፍ ላይ አረንጓዴ ሜዳ፣ ከሥሩ ባሕር። «ዳዲ፣ ጁን ይሻላል ሴፕቴምበር?» አለችኝ። «እኔን አትጠይቂኝ» ብዬ በረንዳ ወጣሁ። ተቆጣ ብለው ይሆናል። ይበሉ።

በሃያ አራት ዓመቴ የጎልፍ ሜዳ ሣር አጭድ ነበር። እዚያ ከሚጫወቱት መሃል ሐበሻው አቶ ደስታ ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ስለዋሸኋቸው ቢሮ ሊያስቀጥሩኝ ይሯሯጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር በአማርኛ እንኳ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ልጠይቃቸው ዌስት ሴንት ፖል ቤታቸው ሄድኩ፤ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃና ለበረዶው የተረጨ ጨው ብቻ ነው። ዓይናቸው ገና ፊደል አይለይም። ጠረጴዛቸው ላይ የኖርማንዲ ካርታ፣ የጎልፍ ሜዳ ፎቶዎችና ያልተከፈተ ደብዳቤ ነበር። እዚያ የሚኖር ወንድማቸውን ካዩት ሃያ ዓመት አልፏል። አብረን እንድንጫወት መቼ ልምጣ ብለው ጽፈውለት መልሱ መድረሱ ነው።

«መጣህልኝ? በል አንብብልኝ። ባለቤቴ ከሥራ እስክትመጣ ልፈነዳ ነው።»

መነጽሬን ረሳሁ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። የሐበሻ ደብዳቤ አጀማመሩ አንድ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሲነበብ እየሰማሁ ስላደግኩ በቃሌ ይዤዋለሁ። ወረቀቱን ዘርግቼ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ አምላክ ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ለቀቅኩት።

እንባቸው መጣ። «ከናፍቆትህ በቀር አለ?»

«አዎ ጋሼ።»

«መቼ ና ይላል ታዲያ?»

እኔ የማውቀው ሣር ነው። «በጁን። ሣሩ የሚያምረው ያኔ ነው ይላል።»

በማግስቱ ትኬት ቆረጡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓይናቸው ሲጠራ፣ ደብዳቤውን ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ እኔን ፍለጋ ሜዳው ድረስ መጡ። የሣር ማጨጃውን ሞተር አጠፋሁ።

«ወንድሜ ጁን ላይ ሆስፒታል እገባለሁ ነው የሚለው። ሴፕቴምበር ና፣ ያኔ ፖሙም ይደርሳል፣ እኔም በእግሬ እቆማለሁ ነው የሚለው።»

ጎንበስ ብዬ ከማጨጃው ምላጭ ላይ ሣር መጥረግ ጀመርኩ።

«ትኬቱን አስቀይሬዋለሁ። ሰላምታ የሚባል ግን አንድ መስመር የለውም፣ ያ ደረቅ። ያንተ ይሻላል» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ና። ከሀ ሁ እንጀምራለን። ማንም አይሰማም» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። አልሄድኩም። ሥራውንም ትቼ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆንኩ። ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ቸርች ምድር ቤት፣ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ነው። ከወንድማቸው ጋር ተጫውተው እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

በረንዳው ላይ ቆሜ ያሰላሰልኩት ይህንን ነው። የበደሉኝን ሰዎች ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ። ማንበብ ለመልመድም ሁለት ዓመት በቃኝ። አቶ ደስታን ስለ ደግነታቸው ይቅር ለማለት ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።