«አንቺ» ያለችኝ ልጅ

ወንድን ልጅ «አንቺ» ማለት በእኛ አገር ጥፊ ነው። ከወሎ ይዤ የመጣሁት ንብረት ቢኖር እንዲህ ያለው ኩራት ብቻ ነው፤ ሌላውን ድርቁ ጨርሶታል። ደርግ በመኪና ጭኖ አሶሳ ሲያራግፈን ጎረምሳ ነበርሁ። ክልሉ ሲቋቋም የሰፈራ መንደሩን ትቼ ከተማ ገባሁና አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በር ላይ ዘበኛ ሆንሁ። ፊደል የቆጠርሁትም ያኔ ነው፤ ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት እየገባሁ፣ ጺሜን እያከክሁ ሀ ሁ እያልሁ።

ማንበብ ሰው ያደርጋል ይላሉ። እኔን መጀመሪያ ያደረገኝ ጉረኛ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጮክ ብዬ አነብና ማንበብ የማይችለውን «ተጽፏል እኮ፣ አይታይህም?» እለው ነበር። በየቢሮው እንዲያ ብሎ ባዋረደኝ ጸሐፊ ሁሉ የያዝሁትን ቂም በማያውቁኝ ሰዎች ላይ ተወጣሁት።

አዲሱ ክልል ቢሮ በቢሮ ላይ ይከፍት ነበር፤ ቢሮው ደግሞ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ከእኛ ዘንድ የጨረሰ ሥራ አያጣም። ስለዚህ የመግቢያ ፈተና ቀን በሩ እንደ ንግሥ በዓል ይጨናነቃል።

በዚያ ቀን አንዲት የአገሬው ተወላጅ የበርታ ልጅ ከመንጌ ወረዳ በኩል በጭነት መኪና ተሳፍራ፣ አቧራ ለብሳ ደረሰች። ትንሽ ዘግይታለች፤ ሌሎቹ ግን ገና ወንበር እየያዙ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜያለሁ።

«አንቺ፣ በር ክፈቺ። እኔ ፈተና አለኝ» አለችኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጡት በሳቅ ፈነዱ። «ዘበኛዋ! ክፈቺላት እንጂ!» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ «እትዬ፣ ነጠላሽን የት ጣልሽው?» አለ።

ደሜ ፈላ። የበርታ ሰው አማርኛ ሲናገር አንተና አንቺ እንደሚቀላቀልበት ጠፍቶኝ አይደለም። ገበያ ላይ ሚስቴን «አንተ ግዛ» ሲሏት ስቄ አውቃለሁ። አሁን የተሳቀው በእኔ ስለሆነ ነው።

«ፈተናው አልቋል» አልኋት።

«አላለቀም። ሰው ይገባል፤ እኔ አየሁ።»

«አልቋል ብያለሁ! መጀመሪያ ወንድና ሴት መለየት ተማሪ።»

በሩን ዘጋሁት። ፀሐይ ላይ ትንሽ ቆመችና ሄደች። አሠልጣኙ ፈተናውን ጨርሶ ሲወጣ «አንዷ ቀረች፤ ቦታዋን ለተጠባባቂ ሰጠነው» አለ። ዝም አልሁ። ዝምታ ደግሞ ቀላል ነው፤ ማንም አይጠይቅህም።

ሥልጠናው ተጀመረ። አሠልጣኙ ገና ወጣት ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፤ ምሳ ሰዓት ላይ በኮምፒውተሩ ጌም ይጫወታል፣ ሠልጣኞቹም ከጀርባው ይከቡታል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ና እይ፣ ዘበኛ አለበት!» ብሎ ጠራኝ።

ጌሙ ተረት ነው፤ ዘንዶ አለ፣ አስማት አለ፣ ግንብ የታጠረ ከተማ አለ። ከመጀመርህ በፊት ማን እንደምትሆን ትመርጣለህ።

«ክላስ ምረጥ ይላል ጋሼ። የቱ ይሁንልህ?»

«ሦስተኛ» አልሁ። ያኔ የጎልማሶቹን ሦስተኛ ክፍል ገና መጀመሬ ነበር።

ሳቁብኝ። «የትምህርቱ አይደለም ጋሼ! ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ እንደዚያ ነው። በመረጥኸው ልክ ነው ሰው የሚያናግርህ። የሚሰጡህም ሥራ በዚያው ልክ ነው።»

መጀመሪያ አስማተኛ ሆነ። የከተማው በር ላይ ጦር የያዘ ዘበኛ ቆሟል። አሠልጣኙ እንግሊዝኛውን እየመለሰ አነበበልን፦ «ይግቡ ሊቁ፤ የንጉሡ ልጅ ታማለች፤ ያድኑልን።» ገባ፤ አዳነ፤ ተሸለመ። ከዚያ ያንን ትቶ እንደ አዲስ ጀመረ። አሁን ጦረኛ ነው፤ የተሰጠውን ነጥብ ሁሉ ለጉልበት አውሎ ክንዱን ግንድ አድርጎ ዕውቀቱን ባዶ አስቀረው። እንዲህ ከመረጥህ የምትናገረው ራሱ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው።

«ይኼን እንዴት ልተርጉመው?» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የበርታን ሰው አነጋገር አስመስሎ፦ «አንቺ፣ በር ክፈቺ። እኔ መድኃኒት አለኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የጌሙ ዘበኛ ግን «ወግድ፣ ደደብ!» አለው። ሰውዬው መድኃኒቱን በእጁ ይዟል። ያው አስማተኛው ያዳነበት መድኃኒት ነው፣ ለዚያችው ለንጉሡ ልጅ። ከግንቡ ውጭ አይጥ እንዲገድል ታዘዘ።

እኔም ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ከፊት የተቀመጠው የበርታ ሠልጣኝ እንዳልሳቀ አየሁ፤ ጣቶቹን እያየ ነው። አፌን ገጠምሁ።

«ይኼ ዘበኛ ግን ሞኝ ነው» አለ አሠልጣኙ። «መድኃኒቱን እያየ!»

«ሞኝ አይደለም» አልሁት። «ሰው ስቆበት ይሆናል።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ማንም አልገባውም። ሁሉም ሲወጡ ጠብቄ አሠልጣኙን ብቻውን ያዝሁትና ስለዚያች ልጅ ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደበኝም። «ቦታ የለም ጋሼ። ሌላ ዙር ይኑር አይኑርም አላውቅም» ብሎ ብቻ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የበርታውን ሠልጣኝ ከበር ስለመለስኋት ልጅ ጠየቅሁት። «አውቃታለሁ፤ በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር እዚህ መጥታ ማንጎ ትሸጣለች» አለኝ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አሁን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?» አለ።

በገበያው ቀን ሄድሁ። ከማንጎው ክምር ኋላ ተቀምጣለች፤ ገና ከሩቅ አወቀችኝ።

«ሰላም አለይኩም» አልሁ። በቋንቋቸው የማውቀው ሰላምታ የለም፤ ያለኝ ይኼው ነው፣ እሱም ከወሎ ይዤው የመጣሁት ዐረብኛ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በአገራቸው ኖሬ! የእነሱ አማርኛ ተሰበረ ብዬ በር የምዘጋ ሰው ነኝ። እናቷ መለሱልኝ። እሷ ማንጎ መደርደር ያዘች።

«ያን ቀን ፈተናው አላለቀም ነበር» አልኋት።

«አውቃለሁ።»

«ተናድጄ ነው። አንቺ ስላልሽኝ።»

ግራ ገባት። ወደ እናቷ ዞራ በቋንቋቸው አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩ። «ምን ልበል ታዲያ?» አለችኝ።

«አንተ።»

«አንተ» አለች ቀስ ብላ፣ እንደ ተማሪ። «አሁን በር ይከፈታል?»

ቦታው መሞላቱን ነገርኋት። ሌላ ዙር መኖሩም እንደማይታወቅ ነገርኋት። ሰማችኝ፤ ከዚያ ማንጎዋን መደርደሯን ቀጠለች፣ የበሰለውን ወደ ላይ፣ ጥሬውን ወደ ታች።

«ታዲያ አንተ፣ ለምን መጣሽ?»

አጠገቧ የተቀመጡት ነጋዴዎች ሳቁ። ፀሐይ ላይ ቆሜ «ሂጂ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። እሱንም አላለችኝም።