የአራት ቀን ዓመት

በሰፈራችን በሲቀላ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሬዲዮው በእንግሊዝኛ የሚለውን የሚረዳ ጠጋኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቋንቋውን ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ለቅሜ አወቅሁት። በሌሎች ፀሐዮች ዙሪያ ፕላኔቶች እንዳሉ በሰፈራችን መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ የፊዚክስ መምህር ሳይቀር ሱቄ ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል።

ባለቤቴ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣች ትሸጥ ነበር። ከሚሌኒየሙ ሁለት ዓመት በኋላ ታማ በሳምንቱ ሞተች። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ እንባ አልመጣልኝም። ሐዘኑም አልተሰማኝም፤ ተኝተውበት እንደደነዘዘ እጅ ነበርኩ። ብቻዬን እንዳልቆዝም ሰዎች ወሬ ጠየቁኝ፤ እኔም የማውቀውን አወራሁ። ከራሱ ፀሐይ ሥር ተጠግቶ የሚዞር፣ እንደ ፍም የጋለ ግዙፍ ፕላኔት እንዳለ፣ ዓመቱም በአራት ቀን ገደማ እንደሚያልቅ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ሙዝ ብተክል በስንት ቀን ይደርስልኛል?» አለኝ ኩልፎ ወንዝ ዳር ማሳ ያለው ጎረቤቴ።

«ከነሙዝህ ትቃጠላለህ።»

ድንኳኑ ሳቀ። ለለቅሶ ከሐዋሳ የመጣችው አንድዬ ልጄ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ የሞተችው እናቴ እኮ ናት። አንዴ እንኳ አልቅስላት!»

ሣልስቱ እንዳለፈ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ብደውል አታነሳም። በአርባው ካልመጣች ከዚያ በኋላም እንደማትመጣ ገባኝ።

መጣች። የተዝካሩ ሰው ሲበተን፣ ሰሃን ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። ይቅርታ ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«እዚያ ፕላኔት ላይ ቢሆን እናትሽ ከሞተች አሥር ዓመት ሊሞላት ነበር።»

«በአሥር ዓመትም አላለቀስክላትማ» አለች። ቀና ብላ አየችኝና እርጥብ ሰሃን አቀበለችኝ። «በል፣ ይህን አድርቅ።»

ዓይኔም እንዳደረቅሁት ሰሃን ደረቅ ነበር፤ አልዋሽም።

አሁን ሰባን አልፌአለሁ። የቻልኩትን ልጻፍ። ማንም ሳያስተምረኝ እንግሊዝኛ አወቅሁ። ሌሎች አይሠራም ብለው የጣሉትን ሬዲዮ አናገርኩ። ስለ ሩቅ ፕላኔቶች የሰማሁትን በሦስት ደብተር አሰፈርኩ። የባለቤቴን መቃብር በገዛ እጄ ሲሚንቶ ለሰንኩ። የተዝካሩን ሰሃን አንድ ሳልሰብር አደረቅሁ። በማግስቱ የልጄን ሻንጣ ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ ሐዋሳ ስትገባ ደወለችልኝ።