የወጌሻው ትከሻ

አባቴ ደሴ ውስጥ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ነበሩ። የወለቀ ሲመልሱ፣ የተሰበረ ሲጠግኑ ነው ዕድሜያቸውን የገፉት። በ1990ዎቹ አጋማሽ እኔን ሊጠይቁ ስቶክሆልም ሲመጡ ግን የገዛ ትከሻቸው ደርቆ፣ ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣ ብሎ ነበር። ወጌሻ ያለ ቀኝ እጅ ምን ይሠራል? ቮርድሴንትራል የሚሉት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ ሐኪሙ ኪኒን ሰጥቶ «ጊዜ ይፈልጋል» አለን። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አብራኝ አረጋውያን የምትንከባከብ ጓደኛዬ፣ ፋርስታ የሚባል ሰፈር ውስጥ የታይላንድ ባህላዊ ማሳጅ የምትሠራ ሴት እንዳለች ነገረችኝና ቀጠሮ ያዝኩ።

«ወጌሻን ደግሞ ማን ያሻል?» አሉ አባቴ። ልብስ እንደማይወለቅ ስነግራቸው ግን እሺ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከኡፕላንድስ ቬስቢ ከመነሳታችን በፊት፣ ከአገር ያመጡትን ቅቤ አቅልጬ ትከሻቸውን ቀባሁላቸው። ያለ ቅቤ መታሸት እኛ ቤት የለም። ባቡሩ ውስጥ አጠገባችን የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ቦታ ቀየረ። ይቀይር።

ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፋ፣ ሰፊ የጥጥ ልብስ አዘጋጅታ ጠበቀችን። አባቴ ለብሰው ሲተኙ ቅቤው ሸሚዙን አልፎ ወጣ። ለካ የእነሱ ማሳጅ ደረቅ ነው፣ ዘይት እንኳ አይነካውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ሌላ ሸሚዝ አመጣች። ከዚያ ተንበርክካ መዳፎቿን ገጥማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉኝ አባቴ።

በስዊድንኛ ጠየቅኋት። ሰው ከመንካቷ በፊት ያስተማሯትን ታመሰግናለች።

«የጨዋ ልጅ ናት» አሉ።

ከእግራቸው ጀምራ በመዳፏና በክርኗ እየተጫነች ወደ ላይ ወጣች፤ ክንዳቸውን ቀስ አድርጋ ሳበች። ስንመለስ ስለ ትከሻቸው ስጠይቃቸው፣ «አውራ ጣቷን ያማታል። ትደብቀዋለች» አሉኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ሳበች፣ ያዝ አደረገች፣ ለቀቀች። እጃቸው ከራሳቸው በላይ ወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። እሳቸው ቁጭ ብለው «ጣቷን ታሳየኝ በያት» አሉ። ሴትዮዋ አፈረች። በዚያ ጣት ነው እንጀራዋን የምትበላው፤ ያበጠ መሆኑን ደንበኛ እንዲያውቅባት አትፈልግም። ብዙ ለምኜያት ዘረጋችው።

አባቴ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ የቅቤ ብልቃጥ አወጡ። ለካ በየቅዳሜው ይዘውት ሲመጡ ኖሯል። መጀመሪያ ሁለቱንም እጃቸውን እኩል አንስተው፣ ሙያውን ላስተማሯቸው እናታቸው ዱዓ አደረጉ። እሷም መዳፎቿን ገጠመች። ከዚያ ጣቷን ያዙ። እንባዬ እየወረደ ኮራሁባቸው።

ስንወጣ «የዛሬ ሳምንትም እንመጣለን» አሉኝ።

«አባባ፣ ድነዋል እኮ።»

«እኔማ ድኛለሁ። ታካሚዬ ገና ናት።»