በረኪናና አሲድ ያስተማሩኝ ኬሚስትሪ

በአርባ ሁለት ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ቀን ቀን ሶዶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ በኤክስቴንሽን እማራለሁ። ልጄም እዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ናት፣ በቀኑ ፈረቃ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት እናነባለን፤ የምንጣላውም በእሱ ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ኬሚስትሪ ወደቅኩ። ገሱባ ያለችው እህቴ ደውላ "አሁንስ አይበቃሽም?" አለችኝ። እልኸኛ ነኝና "በሚቀጥለው የቃል ፈተና ግማሹን ካላገኘሁ እተወዋለሁ" ብዬ ቃሌን ሰጠኋት። ስልኩን እንደዘጋሁ መጽሐፉን አወጣሁ። መተው የት ፈልጌ!

ልጄ ታስጠናኝ ጀመር። ብቻቸውን የማይገኙ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚያያዙ ሰባት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዳያቶሚክ ይሏቸዋል። ጎደሬ እየላጥኩ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን እላለሁ። ክሎሪን ላይ ስደርስ ፍሎሪንን ዘልያለሁ፤ ፍሎሪንን ስመልስ ደግሞ አዮዲን ይጠፋል።

"እማዬ፣ ስድስት ብቻ ነው እኮ የጠራሽው።"

"ሰባተኛው ገበያ ሄዷል" አልኳት። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

በፈተናው ቀን መምህሩ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ወደ ሰሌዳው ጠራኝ። ሰባቱን ስቆጥር አዮዲን አሁንም የለም። ቀጠለና "ባይነሪ አሲድ ምንድን ነው? ከነምሳሌው ይንገሩኝ" አለ።

"ሃይድሮጅን ከሌላ አንድ ንጥረ ነገር ጋር ብቻ ተጣምሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው" አልኩ። "ለምሳሌ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። እኔ ሽንት ቤት የማጥብበት።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቄ መጣና አንደበቴ ተፈታ፤ ጉዴን ዘረገፍኩት። አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል ተባለና ሽንት ቤቱ ይበልጥ እንዲነጣ ብዬ አሲዱንና በረኪናውን አንድ ላይ ደፋሁት። ቢጫ አረንጓዴ ጭስ ተነስቶ ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሠራተኛው ሁሉ እየሳለ ግቢ ወጣ፤ ኃላፊያችን አንድ እግሩ ላይ ብቻ ጫማ ነበረው። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። የእኔ ድምፅ ግን ሳምንት ሙሉ እንደ ጎረምሳ ጎርንኖ ሰነበተ።

"ያ ጭስ ምን ነበር?" አለ መምህሩ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም። በአሲዱም በበረኪናውም ውስጥ ክሎሪን አለ። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ መጥተው ተያይዘው ወጥተዋል ማለት ነው። ጠመኔውን አንስቼ Cl₂ ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለቷን ከታች አሳንሼ። 

ከሃያው አሥራ ስምንት አገኘሁ። መምህሩ "ነገ ጠዋት ለቀን ተማሪዎቼም ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ ሁለቱን እንዳይቀላቅሉ" ብሎ ለመነኝ።

በማግስቱ አለቃዬን አስፈቅጄ የጽዳት ጋወኔን እንደለበስኩ ገባሁ። ልጄ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ታፍርብኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ወደ እሷ ሳላይ አወራሁ። ስጨርስ አንድ እጅ ወጣ፤ የእሷ ነበር። ብድግ ብላ፣ በጓደኞቿ ሁሉ ፊት፣ "ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ" አለችኝ።